ፈረሱን በደህና የሚያደርስ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2014 በፈረንሳይ ኖርማንዲ፣ ሳርቲዬ በምትባል አነስተኛ ከተማ ዙሪያ በተካሄደው የረጅም ርቀት የፈረስ ግልቢያ የዓለም ሻምፒዮና ከ160 በላይ ጋላቢዎች በማለዳ ተነሡ። ከፊታቸው የተዘረጋው በአንድ ቀን የሚያልቅ 160 ኪሎ ሜትር ነበር። ዝናብ የጠገበው መሬት ጨቅይቷል፤ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ይፈራረቁበታል። ሲመሽ ፈረሳቸው በእንስሳት ሐኪሞች ፊት ቀርቦ “ጨርሷል” የተባለላቸው 38 ብቻ ሆኑ። በግል ወርቁን የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ፣ ብሩን ኔዘርላንድስ፣ ነሐሱን ኳታር ወሰዱ። በቡድን ግን መድረኩ ላይ የወጡት ስፔን፣ ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ ናቸው። ሦስቱን ፈጣን ጋላቢዎች ካሰለፉት አገሮች አንዷም የቡድን ሜዳሊያ አላገኘችም። ይህን የአንድ ቀን አጋጣሚ አድርጎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከዚያ በላይ ነው ባይ ነኝ። በዚህ ስፖርት አገርን የሚወክል ጋላቢ ሲመረጥ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የፍጥነቱ ልክ አይደለም፤ ከጀመራቸው ውድድሮች ውስጥ ስንቱን፣ ፈረሱን ጤነኛ እንደያዘ ጨርሷል የሚለው ነው። የምርጫው ሕግ ከዓመት ወደ ዓመት ወደዚህ እየተጠጋ መጥቷል፤ የመራጮቹ ልማድ ግን ገና ወደኋላ የቀረበት ቦታ አለ።

ኢንዱራንስ ተብሎ የሚጠራው ይህ ስፖርት በሽምጥ ግልቢያ በጥቂት ደቂቃ ከሚያልቀው የፈረስ እሽቅድድም ጋር የሚጋራው ነገር ትንሽ ነው። ዘመናዊ መልኩን የያዘው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ዌንዴል ሮቢ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ከታሆ ሐይቅ አካባቢ ተነሥቶ፣ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች አቋርጦ፣ ኦበርን ከተማ ገባ። የዘመኑ ፈረስም እንደ ጥንቱ 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንድ ቀን መሄድ እንደሚችል ማሳየት ፈልጎ ነበር። ቴቪስ ካፕ የሚባለው ይህ ግልቢያ ከዚያ ወዲህ የስፖርቱ መነሻ ሆኖ ይቆጠራል። የሚሰጠው ጊዜ 24 ሰዓት ነው፤ ከሚጀምሩትም ግማሽ ያህሉ አይጨርሱም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ደግሞ ከመጀመሪያው ዋንጫ ጎን ሃጊን ካፕ የሚባል ሁለተኛ ዋንጫ ቆመ። ይህ የሚሰጠው ከመጀመሪያዎቹ አሥር ገቢዎች መካከል በአካሉ እጅግ በጥሩ ሁኔታ ላይ ለተገኘው ፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የአሜሪካ የኢንዱራንስ ማኅበርም “መጨረስ ማሸነፍ ነው” የሚለውን መፈክሩ አድርጎ ያዘ። ስለዚህ ፈረሱ ምን ሆኖ ገባ የሚለው ጥያቄ ዛሬ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ከውጭ ያመጡት ጉዳይ አይደለም፤ ስፖርቱ ሲወለድ አብሮት የተወለደ ነው። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ ኤፍ ኢ አይ፣ ስፖርቱን እ.ኤ.አ. በ1978 ተቀብሎ በሥሩ አስገባው፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም እ.ኤ.አ. በ1986 ሮም ላይ ተካሄደ።

የውድድሩን ቀን አካሄድ ሳያውቁ ስለ ምርጫው መነጋገር አይቻልምና ጥቂት እንቆይበት። 160 ኪሎ ሜትሩ አንዱ ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጡ ዙሮች ይከፈላል። በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ የምርመራ ጣቢያ አለ። ፈረሱ እንደደረሰ ረዳቶቹ ኮርቻውን ያወልቃሉ፣ ውኃ ያፈሱበታል፣ ያቀዘቅዙታል። ሰዓቱ ግን የሚቆመው ሲደርስ አይደለም፤ የልቡ ምት በደቂቃ ወደ 64 ወይም ከዚያ በታች ወርዶ ለምርመራ ሲቀርብ ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልወረደ ውድድሩ እዚያው ያበቃል። እንግዲህ ሁለት ፈረሶች እኩል ቢደርሱና የአንዱ ልብ በሦስት ደቂቃ፣ የሌላው በ12 ደቂቃ ቢረጋጋ፣ ሁለተኛው ሜዳ ላይ አንድም እርምጃ ሳይቀደም ዘጠኝ ደቂቃ ከሰረ ማለት ነው። ቀጥሎ ሐኪሞቹ የድዱን ቀለም ያያሉ፤ ቆዳውን ቆንጥጠው ውኃ ማጣቱን ይለካሉ፤ ሆዱ ላይ ጆሮ ጥለው አንጀቱ እየሠራ መሆኑን ይሰማሉ። በመጨረሻ በሜዳ ላይ ሶምሶማ እንዲሮጥ ይደረግና አካሄዱ ይታያል። ያነከሰ ፈረስ ይሰናበታል። የሚያጠራጥር ሲሆን ሦስት ሐኪሞች ሳይመካከሩ ድምፅ ይሰጣሉ። ይህን ሁሉ ያለፈ ፈረስ የግዴታ ዕረፍቱን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ዙር ይወጣል። የመጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላም ምርመራ አለ፤ አንደኛ የገባ ፈረስ እዚያ ላይ ከወደቀ ውጤቱ ይሰረዛል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ከሚጀምሩት ፈረሶች ግማሽ ገደማው አይጨርሱም፤ ከሚሰናበቱትም አብዛኞቹ የሚሰናበቱት በማንከስ ነው።

ወደዚህ መድረክ የሚያደርሰው መሰላል ረጅም ነው። ጀማሪ ጋላቢ በቀጥታ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ አይመዘገብም። አስቀድሞ ከ40 እስከ 79 ኪሎ ሜትር የሆኑ ሁለት ግልቢያዎችን፣ ከዚያም ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር የሆኑ ሌሎች ሁለት ግልቢያዎችን በተሳካ ሁኔታ መጨረስ አለበት። ፈረሱም እንደዚሁ የራሱን ማጣሪያ ያልፋል። እዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ደንብ አለ፤ በነዚህ የማጣሪያ ግልቢያዎች አማካይ ፍጥነት በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም። በሌላ ስፖርት ማጣሪያ ማለት ከተወሰነ ሰዓት በታች መግባት ነው፤ እዚህ ግን ፈጥኖ የገባ ማጣሪያውን ይወድቃል። ጀማሪው እንዲማር የሚፈለገው ፈረሱን ማንበብ ነውና ደንቡ ፍጥነትን ሆን ብሎ ከፊቱ ያነሣለታል። ከዚያ በኋላ በኮከብ የተለዩ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ ርቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየረዘመ በሦስት ኮከብ 160 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጋላቢው 14 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ፈረሱ ለባለ አንድ ኮከብ ቢያንስ 6፣ ለባለ ሦስት ኮከብ ቢያንስ 8 ዓመት ይጠበቅበታል፤ አጥንቱና ጅማቱ ሳይጠና ወደ ረጅሙ ርቀት እንዳይገባ ነው። በሁለት ውድድሮች መካከልም የግዴታ ዕረፍት አለ፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ዕረፍቱ ይረዝማል፤ ፈረሱ በሕመም ወይም በማንከስ ከተሰናበተ ደግሞ ከዚያም በላይ ይረዝማል። ለዓለም ሻምፒዮና ሲደርስ ጋላቢ ለብቻው፣ ፈረስ ለብቻው ማለፋቸው አይበቃም፤ ሁለቱ እንደ ጥንድ አብረው፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥና በተወሰነ ፍጥነት ረጅሙን ርቀት ጨርሰው ማሳየት ይኖርባቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው በር ከፋች ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሚወስነው ማን መወዳደር እንደሚችል ነው፤ ማን እንደሚወዳደር የሚወስነው ግን የየአገሩ ብሔራዊ ፌዴሬሽን ነው። አሠራሩ ከአገር አገር ቢለያይም መልኩ ይመሳሰላል። ከሻምፒዮናው ብዙ ወራት አስቀድሞ መመዘኛው ይፋ ይደረጋል፤ ፍላጎት ያላቸው ይመዘገባሉ፤ ከነሱ ሰፋ ያለ ዝርዝር ይወጣል። ከዚያ መራጮች ጥንዶቹን በተወሰኑ ውድድሮች ላይ ይከታተላሉ፤ የቡድኑ ሐኪም የፈረሶቹን መዝገብ ያያል፤ በልምምድ ሰፈር ይመረምራቸዋል፤ ዝርዝሩም እየጠበበ ይሄዳል። የቡድኑ መሪ የመጨረሻ ስሞችን ሲያስገባ ተጠባባቂ ያስቀምጣል፤ ምክንያቱም ከውድድሩ በፊት በሚደረገው ምርመራ አንድ ፈረስ በጥቂቱ ቢያነክስ ወራት የፈጀው ዝግጅት ባንድ ደቂቃ ይፈርሳል። በኖርማንዲው ዘመን አንድ ቡድን እስከ አምስት ጥንዶች ያሰልፍ ነበር፤ የሦስቱ ፈጣኖች ሰዓት ተደምሮ የቡድኑ ውጤት ይሆናል። ሦስት ያላስጨረሰ አገር በቡድን ደረጃ የለም። አራት ጋላቢዎቹ ቢሰናበቱና አምስተኛው ዓለምን ቢያሸንፍ እንኳ በቡድን ዝርዝር ላይ ስሙ አይጻፍም።

እንግዲህ መራጭ ሆነን እናስብ። ከፊታችን ሁለት ጋላቢዎች አሉ። አንደኛው ባለፉት ሁለት ዓመታት ከጀመራቸው ስምንት ግልቢያዎች ሦስቱን አሸንፏል፤ በአምስቱ ፈረሱ አንክሶ ወይም ልቡ አልመለስ ብሎ ተሰናብቷል። ሁለተኛዋ ከስምንቱ ሰባቱን ጨርሳለች፤ አንድም ጊዜ አላሸነፈችም፤ ሁልጊዜ ከአምስተኛ እስከ አሥረኛ ናት። ብዙ መራጭ ዓይኑ ወደ ሦስቱ ድል ይሳባል። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። አምስት እንደ መጀመሪያው ያሉ ጋላቢዎች ቢሰለፉ ከመካከላቸው ይጨርሳሉ ተብሎ የሚጠበቁት ሁለት እንኳ አይሞሉም፤ ቡድን አይሆኑም። አምስት እንደ ሁለተኛዋ ያሉ ቢሰለፉ ግን አራት ያህል ይገባሉ። ኖርማንዲ ላይ የታየው ይኸው ነው። በዚያ ጭቃ የስፔን ጋላቢዎች ከሁሉ ፈጣን አልነበሩም፤ የግል ሜዳሊያም አላገኙም። ወርቁን ያመጣላቸው አብረው መግባታቸው ነው።

ማስረጃው ከአንድ ሻምፒዮናም ይሰፋል። በዚህ ስፖርት ታሪክ ውስጥ ስማቸው የሚነሣው ጋላቢዎች ብዙዎቹ አንድን ፈረስ ለዓመታት ይዘው የቆዩ ናቸው። ዶና ፊትዝጀራልድ የተባለችው አሜሪካዊት ቴቪስ ካፕን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስድስት ጊዜ ያሸነፈችው ዊተዛሪፍ በሚባል አንድ ፈረስ ነው። ስፔናዊቷ ማሪያ አልቫሬዝ ፖንቶን እ.ኤ.አ. በ2008 ማሌዥያ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አሜሪካ ኬንታኪ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ሁለቱንም ጊዜ የተቀመጠችበት ፈረስ ኖቢ ነበር። በማሌዥያ ሙቀትና ወበቅ ያሸነፈ ፈረስ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ አህጉር፣ በሌላ አየር ላይ ደግሞ ማሸነፉ ስለ ፈረሱ ጥንካሬ ይናገራል፤ ከዚያ ባላነሰ ግን በመካከሉ ስላላደከመው፣ ስላልሰበረው፣ ሲበቃው በቃህ ስላለው ሰው ይናገራል። ፍጥነትማ ከዚያ የመጣ ነው። ተመራማሪዎች የውድድር መዝገቦችን ሲመረምሩ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የተያዘው ፍጥነትና የልብ ምት ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ፈረስ ቆይቶ ይሰናበት እንደሆነ አስቀድመው የሚጠቁሙ ምልክቶች ሆነው አግኝተዋቸዋል። ሁለቱም በጋላቢው እጅ ያሉ ናቸው። ፈረስ በማለዳ ብርድና በብዙ ፈረሶች መካከል ሲሆን ይሞቀዋል፣ መሮጥ ይፈልጋል፤ ዛቡን ሰብስቦ “ገና ነው” የሚለው ሰው ነው።

በሞንጎልያ የሚካሄደው የሞንጎል ደርቢ ይህን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚደረግ፣ የጄንጊስ ካን ዘመን የመልእክተኞችን መንገድ መነሻ ያደረገ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚፈጅ ግልቢያ ነው። የጋላቢዎቹ ምርጫ በማመልከቻና በቃለ መጠይቅ ነው፤ የክብደት ጣሪያም አለ። ፈረሱ በየ40 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ስለሚቀየር ጥንድ የሚባል ነገር የለም፤ ጋላቢው በየጊዜው የማያውቀው ፈረስ ላይ ይወጣል። አንድ ሰው “እንዲህ ከሆነማ ፈረሱን መጨፍለቅ አትራፊ ነው” ሊል ይችላል፤ ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ የሌላ ሰው ፈረስ ነውና። አዘጋጆቹ ግን ይህን በር ዘግተውታል፤ በየጣቢያው ሐኪሞች አሉ፤ የፈረሱ የልብ ምት ያልወረደለት ጋላቢ የጊዜ ቅጣት ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻው ላይ ቀድማ የደረሰችው አሜሪካዊቷ ዴቫን ሆርን ነበረች። የመጨረሻው ፈረሷ ልብ ከተፈቀደው በላይ ሲመታ ተገኘና ተቀጣች፤ አሸናፊዋ ከኋላዋ የገባችው የ19 ዓመቷ እንግሊዛዊት ላራ ፕራዮር-ፓልመር ሆነች። ፈረስና ጋላቢ ለአንድ ቀን እንኳ በማይተዋወቁበት ውድድር ላይ ሳይቀር ሚዛኑን የደፋው የፈረሱ ልብ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነው፦ ውድድር ውድድር ነው፤ ሜዳሊያ የሚሰጠው ቀድሞ ለገባ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚጨርስ ሰው አገሩን ወክሎ ምን ያደርጋል? በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጠፍጣፋና አሸዋማ ሜዳዎች ላይ አሸናፊዎቹ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነት ስለሚጨርሱ፣ በ16 የለመደ ጋላቢ እዚያ ከውድድር ውጭ ነው። ይህ እውነትነት አለው። ፍጥነት ከመመዘኛው ይውጣ የሚል ሰው ስፖርቱን ወደ ሽርሽር ይለውጠዋል። የእኔ ክርክር ግን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የመጨረስ ልማድ መጀመሪያ ይታይ፤ ያንን ካለፉት መካከል ፈጣኑ ይመረጥ። ቀርፋፋ ሆኖ ሁልጊዜ የሚጨርስን ጋላቢ በጥሩ ፈረስና በጥሩ ምክር ማፍጠን ይቻላል። ፈረስ እየሰበረ የሚያሸንፍን ግን ማስተካከል ከባድ ነው፤ ሦስቱ ድሎች ትክክል መሆኑን ነግረውታልና። ሜዳው ጠፍጣፋ ሲሆን ደግሞ ፍጥነት አደጋ አልባ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የተባበሩት አረብ ኤምሬትስን ብሔራዊ ፌዴሬሽን በፈረሶች ደኅንነት ጉዳይ ሲያግድ ከጀርባው የነበረው ይኸው ፈጣን ግልቢያ ያስከተለው ጉዳት ነው። እገዳው ከወራት በኋላ ተነሣ፤ ዱባይ ልታዘጋጀው የነበረው የ2016 የዓለም ሻምፒዮና ግን ወደ ስሎቫኪያ ሻሞሪን ተዛወረ። ፍጥነትን ብቻ ያየ አመራረጥ የመጨረሻ ሂሳቡ ይህ ነው፤ ሜዳሊያውም አስተናጋጅነቱም ይሄዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገንዘብ ይነሣል። አማርኛው “ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይላል፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ እዚህ ስፖርት ላይ ማድረሱ ብቻ ከሆነ የሚቆጠረው፣ ጋላቢውን መምረጥ ለምን ያደክማል ይላሉ። ሀብታም አገር በአውሮፓ፣ በደቡብ አሜሪካና በአውስትራሊያ ለዓመታት ተኮትኩቶ ደረጃውን ያሟላ ፈረስ ይገዛል ወይም ይከራያል፤ ላዩ ላይ ማንን ቢያስቀምጥ ለውጥ የለውም ባዮች ናቸው። ግዢና ኪራዩ በርግጥ አለ፤ ድሃ ፌዴሬሽኖችን እንደሚጎዳም አልክድም። አንድ ጋላቢ መሰላሉን ለመውጣት የፈረስ ቀለብ፣ የኮቴ ብረት፣ የሐኪም፣ የመጓጓዣና የረዳቶች ወጪ ለዓመታት መሸከም ይኖርበታል፤ ይህም ብዙ ችሎታ ያለው ሰው ከበሩ እንዲመለስ ያደርጋል። ነገር ግን ለዚህ መድኃኒቱ ከጋላቢው ምርጫ ዓይንን ማንሣት አይደለም። አብረው ጨርሰው ያሳዩ የሚለው የጥንድ ደንብ የተገዛ ፈረስ በአንድ ሌሊት ሻምፒዮና እንዳይገባ የሚያደርግ ብቸኛው አጥር ነው፤ መራጮች ከደንቡ ዝቅተኛ ወለል አልፈው ጥንዱ ምን ያህል ጊዜ አብሮ እንደጨረሰ ቢጠይቁ አጥሩ ይጠብቃል። በእኛ አገር የጥንት ፈረሰኞች የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። ሰውየውን ከፈረሱ ለይቶ መጥራት ያልወደደ ባህል ይህን የጥንድ ደንብ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ለኢትዮጵያ አንባቢ በጣም ቅርብ ነው። ለኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር የምታሰልፈው ሦስት ሯጮች ብቻ ስለሆነ፣ ፈጣን ሰዓት ያለው ይሂድ ወይስ በወቅቱ አቋም ላይ ያለው የሚለው ክርክር በየአራት ዓመቱ እኛ ዘንድ ይነሣል። ሰዓት ቢያንስ ቁጥር ነው፣ አያዳላም ይላል አንዱ ወገን። በፈረስም ፍጥነትን ትተን ፈረሱ በምን ሁኔታ ጨረሰ ወደሚለው ከሄድን ለመራጮች ስሜትና ለወዳጅነት በር እንከፍታለን የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ የተጨረሱ ግልቢያዎች ብዛትም ቁጥር ነው። በየጣቢያው የልብ ምት የወረደበት ደቂቃም ቁጥር ነው፤ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ የማራቶን ሰዓት በአንጻራዊነት ይታመናል፤ መንገዱ የሚለካ፣ ርቀቱ አንድ ነው። በኢንዱራንስ ግን የአንዱ ሜዳ አሸዋ፣ የሌላው ተራራ፣ የሦስተኛው ጭቃ ነው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚለው ቁጥር አቡ ዳቢ ላይና ሴራ ኔቫዳ ላይ አንድ ዓይነት ነገር አይናገርም። የልቡ ምት 64 መሆኑና ፈረሱ አለማንከሱ ግን የትም ቦታ አንድ ነው። ስለዚህ አድልዎን የሚፈራ ሰው ይበልጥ ሊይዘው የሚገባው መለኪያ ይህኛው ነው። መመዘኛው አስቀድሞ በጽሑፍ ይውጣ፣ የእያንዳንዱ ዕጩ መዝገብ ለሁሉም ይታይ፣ ያልተመረጠው ለምን እንደቀረ በቁጥር ይነገረው፤ ይግባኝ የሚሰማ አካልም ይኑር።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብደኛል፤ ቁጥሩ ራሱ ሊያሳስት ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ትራዮን ላይ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የስፖርቱ ክፉ ቀን ነበር። ሲጀመር የተወሰኑ ጋላቢዎች በተሳሳተ መንገድ ተመሩ፤ ውድድሩ ተቋርጦ ርቀቱ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ተቀንሶ እንደገና ተጀመረ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበት ስላየለ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ከ50 በላይ ፈረሶች ሕክምና አስፈለጋቸው፤ አንድ ፈረስም አልተረፈም። ከዚያ በኋላ ኤፍ ኢ አይ ጊዜያዊ ኮሚቴ አቋቁሞ ደንቡን ከሥሩ አስመረመረ፤ የተሻሻለው ደንብም እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ሎዛን ላይ በተጠራ ልዩ ጉባኤ ጸድቆ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ሥራ ላይ ዋለ። በእንዲህ ያለ ቀን ጥሩ ጋላቢ ምን ያደርጋል? ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ከፈረሱ ወርዶ አብሮት መሮጥ ይፈቀድለታል፤ ግዴታው መነሻውንና መድረሻውን ተቀምጦ ማለፍ ብቻ ነው። ከዚያም በባሰ ጊዜ ምርመራውን ፈረሱ ያለፈ ቢሆን እንኳ “ዛሬ በቃው” ብሎ በፈቃዱ ያቋርጣል። ችግሩ በመዝገቡ ላይ ይህም “አልጨረሰም” ተብሎ መጻፉ ነው። ጨርሷል አልጨረሰም ብሎ ብቻ የሚቆጥር መራጭ፣ ፈረሱን ያዳነውን ሰው ፈረሱን ከሰበረው ጋር በአንድ ረድፍ ያስቀምጠዋል። ሲብስም ጋላቢው ይህን እያወቀ፣ ምርጫ እንዳያመልጠው ብሎ ማቋረጥ የሚገባውን ዙር ይወጣል፤ ለፈረሱ ደኅንነት የቆመው መለኪያ ፈረሱን ይጎዳል።

ይህን ማስተካከል ግን አስቸጋሪ አይደለም፤ መዝገቦቹ በፈቃድ ማቋረጥን፣ በማንከስ መሰናበትንና በሰውነት መዛል መሰናበትን አስቀድመው ይለያሉ። መራጩ ማድረግ ያለበት ሦስቱን አንድ ላይ አለመደመር ነው። ፈረሱ ሕክምና ያስፈለገው ጋላቢ ከባዱን ቅናሽ ይቀበል፤ በማንከስ የተሰናበተው መለስተኛውን፤ ድንጋይ የረገጠ ፈረስ የማንም ጥፋት ሳይሆን ሊያነክስ ይችላልና። በፈቃዱ አቋርጦ ፈረሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጤነኛ ሆኖ ለውድድር የተመለሰለት ደግሞ ምንም አይቀነስበት፤ እንዲያውም ሁለት እኩል ዕጩዎች ሲኖሩ ይቅደም። ዛሬ በወጣቶች ሻምፒዮና ለመሰለፍ የሚጥሩት ከ14 እስከ 21 ዓመት ያሉ ጋላቢዎች ናቸው፤ በዚያ ዕድሜ ልጅ የሚይዘው መራጮች የሚሸልሙትን ነው። የወጣቶቹ መመዘኛ ላይ ይህ አንድ መስመር ቢጨመር ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፣ አዲስ መሣሪያም አይፈልግም፤ በሚቀጥለው የምርጫ ዘመን ማንኛውም ብሔራዊ ፌዴሬሽን ሊጀምረው ይችላል።